ሳይለካ የተሠራ ሣጥን

ወንዴ በያጅ ነው። ማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ በቆርቆሮ የታጠረች ጠባብ ሱቅ አለችው። በሯ ላይ «የሞተር ፖርቶመጋላና ሣጥን እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። «እንሠራለን» ይበል እንጂ ከእሱ በቀር ሌላ ሠራተኛ የለም። ጽሑፉንም የጻፈው ራሱ ነው። ፊደሉ እንደ ብራና ጽሕፈት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም የተፈራረቀበት ስለሆነ የሚያልፍ የሚያገድመው ቆሞ ያየዋል። እንዲህ ያለ እጅ ይዘህ ምነው ብረት ላይ ወደቅህ ብለው የሚጠይቁትም አሉ። ወንዴ የብየዳ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ ሥራውን ይቀጥላል።

ሰው ሞተር ሲገዛ ጭነት የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አይለውም። በሦስተኛው ቀን ጆንያ በገመድ ከኋላ አስሮ፣ ገመዱ ላልቶ ጆንያው ጎማ ውስጥ ሲገባበት ነው ወንዴን አፈላልጎ የሚመጣው። ወንዴ ታዲያ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይሠራል። ለዳቦ አመላላሹም፣ ለእንስሳት ሐኪሙም፣ ለእንቁላል ነጋዴዋም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ከባዱን ዕቃ ወደ ታች፣ ቀላሉን ወደ ላይ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፤ ጭስ ከሚተፋው ማርሚታ አራት ጣት ይራቅ፤ አሥር ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ ቁምና ብሎኑን ሁሉ እንደገና አጥብቅ፤ ምክንያቱም አዲስ ጭነት ሳይደላደል አይቀመጥም። ይህን ሲናገር ለሰሚው ገሳጭ ቄስ ይመስላል። ሊሆንም ምንም አልቀረው ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እንኳየሁ ወደ ሱቁ መጣች። እንኳየሁ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኝታ ቤት ተቆጣጣሪ ናት፤ ከሱቁ ሁለት ቅያስ ከፍ ብላ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። አባቷ የኔታ ሐብተ ማርያም ከትክል ድንጋይ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብላ ባለች የአቦ ደብር ዜማ ያስተምራሉ፤ ወንዴም ከዘጠኝ ዓመቱ እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ የእሳቸው ተማሪ ነበር። ከጭልጋ ገበሬ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ እንጀራ ለምኖ ስምንት ዓመት ተምሯል። የኔታም ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር፤ ባይወዱት ኖሮ የሆነው ሁሉ እንዲህ ባልከበደው።

የሆነው ይህ ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዚሁ በጥቅምት ወር፣ የየኔታ መጻሕፍት የሚቀመጡበት ሣጥን ማጠፊያ ተሰበረ። የኔታ ማጠፊያውን በጨርቅ ጠቅልለው ለወንዴ ሰጡትና ቅዳሜ ሂድ፣ ጎንደር አስበይደህ እሑድ ተመለስ አሉት። ወንዴ ሄደ። ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ እሳቱ ብረትን ከብረት ሲያጋባ አየ፤ ልቡም እዚያው ቀረ። ማጠፊያውን ለአንድ የትክል ድንጋይ ነጋዴ አደራ ብሎ ላከው። ራሱ ግን አልተመለሰም፤ ቃልም አልላከም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪ ሲሄድ ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው የሚሄደው። ሳይመረቅ የወጣ ሰው የትም ቢደርስ አንድ ነገር ጥሎ እንደመጣ ሁሉ ወደ ኋላ ሲያይ ይኖራል። ወንዴ ሱቅ ከፈተ፣ ሞተር ገዛ፣ ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ ያም ሆኖ ሲያይ የኖረው ወደ ኋላ ነው።

እንኳየሁ ያመጣችው ወሬ አባቷን የሚመለከት ነበር። የኔታ ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር ከመጡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። አንደኛው ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ፊደል መለየቱ ግን ቀርቷል። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ተስፋ የለም ብሏቸዋል፤ እሳቸውም አልቅሰው ሲያበቁ፣ እንግዲያስ ወደ ተማሪዎቼ መልሱኝ፣ ዳግመኛም ጎንደርን አልረግጥም ብለዋል። ችግሩ መጻሕፍቱ ናቸው። የኔታ ከሁለት የብራና መጻሕፍት አይለዩም፤ አንዱ ትልቁ የዜማ መጽሐፍ፣ ሌላው ትንሹ የጸሎት መጽሐፋቸው ነው። ሲመጡ የአውቶቡሱ ረዳት ትልቁን ከነማኅደሩ አንሥቶ ጣራው ላይ ጫነባቸው፣ ዝናብ ዘነበ፣ የመጽሐፉ ጠርዝ ራሰ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። አሁን አውቶቡስ የሚለውን ስም መስማት አይፈልጉም፤ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ደግሞ ሞተር እንጂ መኪና አይገባም።

ስለዚህ እንኳየሁ ወንዴን፣ በሞተርህ አንተው አድርስልኝ፣ መጻሕፍቱንም ውሃ የማያስገባ ሣጥን ሥራላቸው ስትል ለመነችው።

ወንዴ ዱላ እንደ ሰነዘሩበት ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የኔታ ሊያዩት አይችሉም፣ የአሁን መልኩን አያውቁም፣ እሱም አንድ ቃል አይተነፍስም፤ በዚህ ከተስማማች ይወስዳቸዋል። እንኳየሁ ሳቀች፤ አባቷ የተማሪዎቻቸውን ሳል ሳይቀር ለይተው እንደሚያውቁ ነገረችው። እሱ ግን በሐሳቡ ጸና። ዕቅድም አልነበረውም አይባልም፤ የአቦን ደጅ ካሳለማቸው በኋላ ስሙን ተናግሮ፣ እግራቸው ላይ ወድቆ፣ ያቺን የቀረች ምርቃት ይለምናል። ሌላ ዕድል አይገኝም፤ የኔታ ወደ ጎንደር አይመለሱም፣ ዕድሜያቸውም ሰማንያን አልፏል።

ልትሄድ ስትል የመጻሕፍቱን ልክ ለክቼ ላምጣልህ አለችው። አያስፈልግም አላት።

ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካም። ከቱቦላሬ ክፈፍ አወጣ፣ ከላሜራ ሁለት ሣጥኖች አጠፈ፣ በመቀመጫው ግራና ቀኝ በስምንት ብሎን አሰራቸው። ውስጣቸውን በአዲስ ብርድ ልብስ አለበሳቸው፣ ክዳናቸውን በጎማ ከበባቸው፤ አንድ ባልዲ ውሃ ቢያፈስባቸውም አንዲት ጠብታ አልገባችም። ልኩን የወሰደው ከእጁ ነው። ስምንት ዓመት የተሸከመውን፣ በዝናብ ጊዜ በደበሎው የሸፈነውን፣ ራስጌው አድርጎ የተኛውን መጽሐፍ ምን ሜትር ያስፈልገዋል? ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት መዳፉን ከፈተ፤ በመዳፎቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ የመጽሐፉ ልክ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሞተሩን እየገፋ እንኳየሁ ግቢ ገባ። የኔታ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ፀሐይ ላይ በበርጩማ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። የሚገፋውን ሞተር ድምፅ ሰምተው እንደምን አደርህ ልጄ አሉት። ወንዴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እንኳየሁ ቶሎ ብላ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል አለች፤ ውሸት ስለማትችልበት ፊቷ ቀላ። የኔታም ሞተርና ጉንፋን አንድ ላይ ለሽማግሌ ይከብዳል ብለው ቀለዱና ሞተሩን በእጄ ልየው አሉ።

በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ከፊት ጀምረው ዳሰሱት። መሪውን፣ የቤንዚን ታንከሩን፣ መቀመጫውን። ይቺስ ጥርሷን አላሳይም ትላለች አሉ። ከዚያ እጃቸው የቀኙን ሣጥን አገኘ። ክዳኑን ከፈቱ፣ ብርድ ልብሱን ዳበሱ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በስንዝር ሄዱበት። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። እንኳየሁን መጽሐፉን አምጪ አሏት። በገዛ እጃቸው ወደ ሣጥኑ ሲያወርዱት ገባ። አልጠበበውም፣ አልሰፋውም፤ በጎኑ ጣት የምታልፍበት ቀዳዳ እንኳ አልነበረም። ትንሹንም በግራው ሞከሩት፤ እሱም እንደዚያው ልክክ አለ።

«እንኳየሁ፣ መጽሐፎቼን ማን ለካቸው?»

ማንም እንዳልለካቸው ነገረቻቸው። አንቺስ አሏት፤ እኔም አልለካሁም አለች። የኔታ ክዳኑን መልሰው ዘግተው እጃቸውን ከላዩ አሳረፉ።

«ወንዴ» አሉ በመጨረሻ።

መሬት ላይ ተደፍቶ እግራቸውን ያዘ፤ አቅዶ የመጣው ንግግር ሁሉ ጠፋበትና ይማሩኝ የኔታ፣ ይማሩኝ እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የኔታም ዓይናቸው እንባ አላጣም፤ ያጣው ብርሃን ብቻ ነው። ራሱን ዳሰሱት፣ ጸጉሩን፣ ጆሮውን፣ ጉንጩ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ።

«የላክኸው ማጠፊያ እስከ ዛሬ አልተሰበረም» አሉት።

ይህን ሲሰማ ደፈር አለ። ቀና ብሎ፣ ሳልሰናበት ወጣሁ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላገኘሁም፣ እባክዎ ይመርቁኝ አላቸው።

«አልመርቅህም።»

እንኳየሁ አባባ ብላ ልትናገር አፏን ከፈተች። የኔታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟትና ወደ ሞተሩ ዞሩ። አንተ የምትቀመጠው የት ነው ብለው ጠየቁት። ወንዴ እጃቸውን ይዞ መቀመጫው ላይ አኖረው። እኔስ አሉት። ከኋላዬ አላቸው። «መጽሐፉስ?»

ወንዴ መልሱን ከመናገሩ በፊት አየው፤ ፊቱም አመድ ለበሰ። ሣጥኖቹ ያሉት ከመቀመጫው በታች ነው። በዜማ ቤት መጽሐፍ መሬት አይቀመጥም፣ ማንም አይራመደውም፣ መጽሐፍ ከታች ሆኖ ሰው ከላይ አይቀመጥም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ መጽሐፍ ያለበት ሣጥን ላይ ሳያውቅ ተቀምጦ የቀመሰው ኩርኩም እስከ ዛሬ አናቱ ላይ አለ። አሁን ደግሞ ሦስት ቀን ለፍቶ፣ ከባዱን ወደ ታች የሚለውን የራሱን ሕግ አክብሮ፣ መጽሐፉን የሁለት ሰው መቀመጫ ሥር፣ ከማርሚታው አራት ጣት አጠገብ አድርጎታል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ለሌላ በያጅ ምንም አይደለም፤ ወንዴ ግን ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ነው።

«ልኩን አልረሳኸውም» አሉት የኔታ፤ በቁጣ ሳይሆን በኀዘን። «ቦታውን ግን ረሳኸው።»

ወንዴ ከኋላ ከፍ አድርጌ ልሥራው ብሎ ተርበተበተ። ያኔ ጀርባችንን እንሰጠዋለን አሉት። መሪው ላይ እንዳያስረው መብራቱን ይጋርደዋል፣ መሪውንም ያከብደዋል። ሞተር ሳይክል ከበታችና ከኋላ በቀር ዕቃ መጫኛ የለውም፤ ሲፈጠርም ለካህን ታስቦ አይደለም። የኔታ ነገ ጠዋት ና ብቻ ብለው ወደ ቤት ገቡ። ወንዴ ሞተሩን ሳያስነሣ እየገፋ ተመለሰ። ምርቃቱን አጣ፣ መጻሕፍቱንም በተገቢው ቦታ መጫን አልቻለም፤ ነገ የሚጠራው ምናልባት ሌላ ሰው ተገኝቷል ሊባል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ግን እንኳየሁ ጓዙን ደጃፍ ደርድራ ጠበቀችው። ለዐሥራ አራቱ ተማሪዎች የሚሆን ሳሙና፣ ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የዓይን ጠብታ፣ ጋቢ። አባባ ሣጥኑ ለዚህ ይሁን ብለዋል አለችው፤ ከዚያ በላይ ያለውን እሷም አታውቅም። ወንዴ ጫነ። ለመጽሐፍ የተለካው ቦታ ሳሙና ሲገባበት እያየ ከንፈሩን ነከሰ፤ ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና ሁለቱን ሣጥኖች በእጁ ወዝወዝ አድርጎ መዘናቸው፣ ግራው ስለከበደ ግማሹን ስኳር ወደ ቀኝ አዛወረ። መቋሚያውን በጎን በኩል በጎማ ቁራጭ አሰረው።

ቀጥሎ የሄልሜት ጣጣ መጣ። የኔታ ጥምጥሜን አውልቄ በመንገድ አልታይም አሉ። እንኳየሁ ለመነች፣ ወንዴም ለመነ። በስተመጨረሻ ጥምጥሙን ፈቱት፣ ሄልሜቱን አጠለቁ፣ ጥምጥሙንም መልሰው በሄልሜቱ ላይ አጥብቀው ጠመጠሙት። ራሳቸው እንደ እንስራ ገዘፈ። እንኳየሁ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

የኔታ ትንሹን መጽሐፍ ከነማኅደሩ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ከዚያ ትልቁን አምጪ አሉ። እንኳየሁ እንደ ሕፃን አቅፋ አመጣችው። ማኅደሩ ያረጀ የበሬ ቆዳ ነው፤ ማንገቻው በሰው ትከሻ ብዛት ለስልሷል። የኔታ ማንገቻውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙ።

«ጎንበስ በል» አሉት ወንዴን።

በዜማ ቤት የመምህሩን መጽሐፍ ደረቱ ላይ አንግቶ የሚሄደው ተማሪው ብቻ ነው። ልጃቸውም ብትሆን፣ የተቀጠረ ሰውም ቢሆን አያነግተውም። ይህን ወንዴ ያውቃል፤ ይህን አልረሳም። ጎንበስ አለ። ማንገቻው በአንገቱ ገባ፣ መጽሐፉም ደረቱ ላይ ዐረፈ። ያኔ ጉልበቱን ይመታው የነበረው መጽሐፍ አሁን እምብርቱ ድረስ ብቻ ደረሰ። ሞተሩ ላይ ሲወጣ ታንከሩ ላይ ያነጠፈው የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ክብደቱን ተቀበለለት። መጽሐፉ ከመቀመጫው በላይ፣ ከፊቱም ነበር። የኔታ ከኋላ ወጥተው ወገቡን ያዙ።

ከከተማው ወጡ። ዝናቡ ካቆመ ገና ሁለት ሳምንቱ ስለነበር ጤፉ አረንጓዴ፣ ዳገቱ ሁሉ አደይ አበባ ነበር። የኔታ አበባውን ባያዩትም ሸተታቸው፤ ጽጌ ነው አሉ። ወንዴ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። ጉድጓድ ባየ ቁጥር አስቀድሞ ይናገራል፤ የኔታም እሺ እያሉ ወገቡን ጠበቅ ያደርጋሉ። ይህቺ ጠበቅ ማድረግ ደስ ብላው አንድ ሁለት ጊዜ ያልነበረ ጉድጓድ ሳይናገር አልቀረም።

አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዛፍ ጥላ አግኝቶ ቆመ። የኔታን አወረዳቸው፣ መቋሚያቸውን ሰጣቸው፤ እሱም መጽሐፉን እንዳነገተ፣ መሬት እንዳይነካ በአንድ እጁ ደግፎ፣ ብሎኖቹን ሊያጠብቅ ተንበረከከ። ምን እየሠራህ ነው ሲሉት፣ አዲስ ጭነት ከተጓዘ በኋላ ይደላደላል፣ ያኔ ብሎኑ ይላላል፣ ስለዚህ መንገድ ላይ ቆሞ ማጥበቅ ግዴታ ነው ብሎ አስረዳቸው። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከነሄልሜቱ።

«የት ላይ ነበር ያቋረጥነው?» አሉ።

«ምኑን የኔታ?»

«ትምህርቱን ነዋ።»

ወንዴ የአሥር ቁጥሩን የብሎን ቁልፍ ብሎኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። አስታውሶ አይደለም የነገራቸው፤ ረስቶት አያውቅም። «የጽጌ ዜማ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ» አላቸው።

«ትናንት ምርቃት ለመንኸኝ፤ ከለከልሁህ፤ አዘንህብኝ። ምርቃት የሚሄድ ሰው ስንቅ ነው ልጄ። ያልጨረሰ ተማሪ ደግሞ አልሄደም፤ ዘገየ እንጂ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሣጥኑ ለሳሙና ሸጋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሞላህ ና፤ ብረትህንም አትተው። አሁን በል፣ ካቆምንበት።»

ወንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የብረት ብናኝና የብየዳ ጭስ የዋጠ ጉሮሮ ነው። ጀመረ። የመጀመሪያው ቃል ሻከረበት፣ ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ፤ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ወደ ላይ መውጣት ሲገባው ወረደበት። ስህተቱን ራሱም ሰማው፤ ደንግጦም አቋረጠ።

መቋሚያው የሣጥኑን ክዳን አንድ ጊዜ፣ ጠቅ፣ አደረገው።

«አይደለም» አሉ የኔታ። «ድገም።»

ይህን ቁጣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲፈራው ኖሮ፣ ሲሰማው ግን ከደስታው ብዛት እንባው መጽሐፉ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ከዚያም የአሥሩን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ፣ ከመጀመሪያው ደገመ።